ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን አይቀመጥም፦ የቅጠል ቀዳዳዎች እንዴት ተፈጥረው እንደሚራራቁ

አዳማ በበጋ ቀትር ለቅጠል ከባድ ቦታ ናት። ፀሐዩ ይከርራል፣ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። ከከተማዋ ዳር የተተከሉትን የኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ በየጓሮው ያለውን ጎመንም፣ በወንጂ በኩል የተንጣለለውን ሸንኮራ አገዳም ያለ ዕረፍት ያርገበግባል። ነፋሱ ከቅጠሉ ገጽ ላይ እርጥቡን አየር ጠርጎ በደረቅ ይተካዋል፤ ደረቁ አየር ደግሞ ከቅጠሉ ውስጥ ውሃ ይስባል። ቅጠሉ ውሃውን ለማዳን ሲል ራሱን ጨርሶ ቢዘጋ ይራባል። ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው ውሃው በሚወጣበት በዚያው ቀዳዳ ነውና።

ስለነዚህ ቀዳዳዎች፣ ማለትም ስለ ስቶማታ፣ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው መከፈታቸውና መዘጋታቸው ነው። ይበልጥ ሊታወቅ ይገባዋል የምለው ግን ከዚያ በፊት የሚሆነው ነገር ነው። ቀዳዳዎቹ ስንት እንደሚሆኑና የት የት እንደሚቀመጡ የሚወሰነው ቅጠሉ ገና ጨቅላ ሳለ ነው። ቅጠሉ ሰፍቶ ካበቃ በኋላ ያሉትን ይከፍታል፣ ይዘጋል እንጂ አዲስ አይጨምርም፣ ያለውንም አይቀንስም። ስለዚህ ዛሬ በቀትር የሚጠወልግ ቅጠል የሚሠራው ቀደም ሲል በተሰጠው የቀዳዳ ቁጥር ነው። ለአትክልተኛም፣ ለባዮሎጂ መምህርም፣ ዝርያ ለሚያሻሽል ባለሙያም ይህን ማወቅ ብዙ ነገር ያቀልላል ብዬ አምናለሁ።

በአብዛኞቹ ተክሎች አንድ ስቶማታ ማለት ሁለት የኩላሊት ቅርጽ ያላቸው ሕዋሳትና በመሀላቸው ያለው ክፍተት ነው። ሁለቱ ሕዋሳት ዘብ ሕዋስ ይባላሉ። እንደ ተክሉ ዓይነት ርዝመታቸው ከ10 እስከ 80 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ ብዛታቸው ደግሞ በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ከ5 እስከ 1,000 ድረስ ይለያያል። በመማሪያ መጻሕፍት በብዛት የሚጠቀሱትን ቁጥሮች ብንወስድ ቲማቲም በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ወደ 12፣ በታችኛው ወደ 130 ቀዳዳ አለው። ቦሎቄ ከላይ ወደ 40፣ ከታች ከ250 በላይ። በቆሎ በሁለቱም ገጽ ተቀራራቢ ሲሆን የቡና ቅጠል ግን ቀዳዳ ያለው ከታች ብቻ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በዝርያውና በአበቃቀሉ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ የላይና የታች ልዩነቱ ግን ጸንቶ ይታያል። ሁሉም ወለል ብለው ቢከፈቱ እንኳ የቀዳዳዎቹ ስፋት ተደምሮ ከቅጠሉ ገጽ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ከቅጠሉ የሚወጣው ውሃ ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያልፈው በነሱ ነው።

ቅጠሉን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ብዛታቸውን ነው። ረጋ ብሎ የተመለከተ ግን ሌላ ነገር ያያል፦ እንደ ጎመን ባለ ቅጠል ላይ ቀዳዳዎቹ በመስመር አልተሰደሩም፣ እንዲሁ እንደተዘራ ዘርም በዘፈቀደ አልወደቁም። ሁለት ቀዳዳዎች ተነካክተው አይገኙም ማለት ይቻላል። በማናቸውም ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ቢያንስ አንድ ተራ የቆዳ ሕዋስ አለ።

ይህ መራራቅ ለምን አስፈለገ? ዋናው ምክንያት በአከፋፈታቸው ላይ ነው። ቀዳዳ ሲከፈት ዘብ ሕዋሳቱ ፖታሲየም ወደ ውስጣቸው ያስገባሉ፣ ውሃም ተከትሎት ይገባል፣ ያብጣሉ። የውጭና የውስጥ ግድግዳቸው እኩል ስለማይለጠጥ ሲያብጡ ወደ ውጭ ይጎብጡና በመሀል ክፍተት ይፈጠራል። ይህ እንዲሆን ፖታሲየም የሚሰጥ፣ ሲያብጡም ገለል ብሎ ቦታ የሚለቅ ጎረቤት ያስፈልጋል። ሁለት ስቶማታ ከተጣበቁ አንዱ ለሌላው ያንን ጎረቤት ሊሆንለት አይችልም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማበጥ ይፈልጋሉ። ሰው ሠራሽ በሆነ መንገድ ቀዳዳዎቻቸው እንዲጣበቁ የተደረጉ ተክሎች ቁጥሩ እያላቸው በሚገባ መክፈት የሚያቅታቸው ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት የአየር ጉዳይ ነው። ሆራስ ብራውንና ፈርገሰን ኤስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1900 እንዳሳዩት በጣም ትንሽ በሆነ ቀዳዳ የሚያልፈው ጋዝ መጠን የሚሄደው ከቀዳዳው ስፋት ጋር ሳይሆን ከዲያሜትሩ ጋር ነው። ስለዚህ ተራርቀው የተቀመጡ ብዙ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተመሳሳይ ስፋት ካለው አንድ ትልቅ ቀዳዳ እጅግ የበለጠ ጋዝ ያሳልፋሉ። ቁልፉ ተራርቀው የሚለው ነው። ከየቀዳዳው በላይ የእርጥበት ደመና ይፈጠራል፤ ሁለት ቀዳዳዎች ሲቀራረቡ ደመናዎቹ ይደራረባሉና የሁለተኛው ጥቅም ይቀንሳል።

ወደ አፈጣጠራቸው ከመሄዳችን በፊት አንድ ቅጠል ላይ ማየቱ ይሻላል። የሚያስፈልገው ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፣ ግልጽ ስኮች፣ ስላይድና 400 ጊዜ የሚያጎላ ተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው የሀበሻ ጎመን ቢመርጥ እመክራለሁ፤ ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ ፀጉር የለውም፣ ከዚህ በታች እንደምናየውም ታሪኩን በግልጽ ያሳያል። ሰፍቶ ያበቃ ጤናማ ቅጠል ይቆረጥ። የአዳማ አቧራ በቀላሉ አይታለፍምና ቅጠሉ በውሃ በራሰ ጥጥ ሳይታሽ ይጠረግና ይድረቅ። በታችኛው ገጽ ላይ፣ በዋናው ጅማትና በጠርዙ መካከል፣ 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ በስሱ ይቀባ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቆ ስኮች መለጠፍ፣ በጣት ጫን ማለት፣ ከዚያ ከአንድ ጥግ ጀምሮ በዝግታ መላጥ ነው። የሚነሳው የቅጠሉ የራሱ ቆዳ ሳይሆን የገጹ ቅርጽ የታተመበት ስስ ሽፋን ነው። ስኮቹ እንዳለ ስላይድ ላይ ይለጠፋል፤ ሌላ መሸፈኛ አይፈልግም።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ነው። ቀለሙ ሲወፍር ምስሉ ይደበዝዛል፤ ሁለት ጊዜ በስሱ መቀባት አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይሻላል። ሳይደርቅ የተላጠ ሽፋን ይለጠጣል፤ ያኔ ቀዳዳዎቹ ሞላላ መስለው ይታያሉ፣ የተቆጠረውም ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል። እንደ ቲማቲም ያለ ፀጉራም ቅጠል ላይ ደግሞ ቀለሙ አረፋ ይይዛል፣ ሲላጥም ይቀደዳል፤ ፀጉር የሳሳበትን ቦታ ከጅማቶች መሀል መርጦ መቀባት ነው። የመብራቱ ጉዳይም አለ፦ የማይክሮስኮፑ ዲያፍራም፣ ማለትም የሚገባውን ብርሃን የሚያሰፋውና የሚያጠበው ክፍል፣ ወለል ብሎ ከተከፈተ ግልጽ ሽፋን ላይ ምንም አይታይም። ጠበብ ሲደረግ የሕዋሳቱ ጠርዝ ጎልቶ ይወጣል።

ለመቁጠር በመጀመሪያ በአንድ እይታ የሚታየው ቦታ ስንት እንደሆነ መታወቅ አለበት። በዓይን ሌንሱ ላይ 18 የሚል የእይታ ቁጥር ካለና ታችኛው ሌንስ 40 ጊዜ የሚያጎላ ከሆነ፣ 18 ሲካፈል ለ40፣ ዲያሜትሩ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ ወደ 0.16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚያ ክብ ውስጥ 20 ቀዳዳ ከተቆጠረ በአንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ወደ 125 ገደማ ነው። የክቡ ጠርዝ የቆረጣቸውን ቀዳዳዎች በአንድ ወገን ያሉትን ብቻ መቁጠር፣ በሌላው ወገን ያሉትን መተው ልማድ መሆን አለበት። በአንድ ቅጠል ላይ ቢያንስ 5 የተለያየ ቦታ ሳይቆጠር ስለ ቅጠሉ መናገር አልወድም፤ ከጫፍ ወደ ሥር፣ ከጅማት ወደ ጠርዝ ቁጥሩ ይለዋወጣል።

ቆጠራው ካለቀ በኋላ ማይክሮስኮፑን ከማንሳት በፊት ከአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ያሉትን ሕዋሳት አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። በጎመን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፣ መጠናቸውም እኩል አይደለም፤ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ያንሳል። እነዚህ ሦስቱ በአጋጣሚ ቀዳዳው አጠገብ የተገኙ አይደሉም። ከቀዳዳው ጋር ከአንድ ሕዋስ የተወለዱ እህቶቹ ናቸው። መጠናቸውም የልደታቸውን ቅደም ተከተል ይነግረናል።

ልደቱ እንዲህ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው አራቢዶፕሲስ ከምትባል ትንሽ ተክል ነው፤ እሷም የጎመን ቤተሰብ ናት። ገና በሚወጣ ቅጠል ላይ የቆዳው ሕዋሳት ሁሉም ይመሳሰላሉ። ከእነሱ መካከል የተወሰኑት እኩል ያልሆነ ክፍፍል ያካሂዳሉ፦ አንዷ ልጅ ትንሽና ሦስት ማዕዘን፣ ሌላዋ ትልቅ ትሆናለች። ትንሿ ሜሪስቴሞይድ ትባላለች። ሜሪስቴሞይዷ ደግማ፣ አንዳንዴም ሠልሳ ትከፈላለች፤ በየጊዜው ትልቋን ልጅ ወደ ውጭ ትገፋለች፣ ትንሿ በውስጥ ትቀራለች። በየክፍፍሉ አዲሱ ግድግዳ ከቀድሞው ዘንበል ብሎ ስለሚሠራ ክፍፍሎቹ ወደ ውስጥ እየተጠመዘዙ ይሄዳሉ። በመጨረሻ ሜሪስቴሞይዷ በገዛ እህቶቿ ተከባ መሀል ላይ ትገኛለች። የመራራቁ የመጀመሪያ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ፦ ወደፊት ቀዳዳ የምትሆነው ሕዋስ ገና ቀዳዳ ሳትሆን ዙሪያዋን በተራ ሕዋሳት አጥራለች።

ከዚያ መከፈሏን ታቆማለች፣ ማዕዘኖቿ ይጠፋሉ፣ ክብ ትሆናለች። አሁን የዘብ ሕዋሳት እናት ነች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አሁን እኩል በእኩል ትከፈላለች። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ግድግዳ መሀሉ ላይ ይወፍራል፤ ሁለቱን ያጣበቀው ፔክቲን በኢንዛይም ይሟሟል፣ ግድግዳው መሀሉ ላይ ይለያያል። ቀዳዳው ያ ነው። የተቦረቦረ ነገር የለም፣ የሞተ ሕዋስም የለም፤ ሁለት ጎረቤቶች ዳርና ዳር ተያይዘው መሀል ላይ መላቀቃቸው ነው።

ይህን ጉዞ የሚመሩት ሦስት ፕሮቲኖች ሲሆኑ በየተራ ይሠራሉ። ስፒችለስ የመጀመሪያውን እኩል ያልሆነ ክፍፍል ያስጀምራል። ሚውት ሜሪስቴሞይዷ መከፈሏን አቁማ ወደ ዘብ እናትነት እንድትሻገር ያደርጋል። ፋማ የመጨረሻው ክፍፍል አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን አረጋግጦ ልጆቹ ዘብ ሆነው እንዲቀሩ ያደርጋል። ሦስቱም ብቻቸውን አይሠሩም፤ ስክሪም የሚባል ፕሮቲን ሁሌም አብሯቸው ነው። የየአንዳንዳቸው ሥራ በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት በወጡ ሥራዎች ሲሆን የታወቀበትም መንገድ አንዱን አጥፍቶ የሚሆነውን በማየት ነው። ስፒችለስ ከሌለ ቅጠሉ ላይ አንድም ቀዳዳ የለም፤ ገጹ በሙሉ ተራ ሕዋስ ነው። ሚውት ከሌለ ሜሪስቴሞይዶቹ ይከፈላሉ ይከፈላሉ፣ ከዚያ ደክመው በዚያው ይቀራሉ። ፋማ ከሌለ የዘብ እናቶቹ እኩል በእኩል መከፈላቸውን አያቆሙምና ቀጫጭን ሕዋሳት ተደርድረው ይገኛሉ፣ ቀዳዳ ግን የላቸውም።

እስካሁን የተነገረው አንድ ቀዳዳ ከራሱ እህቶች ጋር ያለውን ብቻ ይፈታል። ከሌላ ቤተሰብ የመጣ ሌላ ሜሪስቴሞይድ አጠገቡ እንዳይቆም የሚያደርገውስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ሕዋሳቱ ይነጋገራሉ። ወደ ቀዳዳነት ጉዞ የጀመረች ሕዋስ ኢፒኤፍ2 የሚባል አጭር ፕሮቲን ወደ ውጭ ትለቃለች። ፕሮቲኑ በሕዋሳት ግድግዳ መካከል ይሰራጫል። ቡና ሲቆላ ሽታው ለቅርብ ቤት በርትቶ ለሩቁ እንደሚደክም ሁሉ ይህም ለቅርብ ሕዋስ ጠንካራ፣ ለሩቅ ደካማ ነው። ጎረቤት ሕዋሳት በገጻቸው ላይ ኢሬክታና ቱ ሜኒ ማውዝስ የሚባሉ ተቀባዮች አሏቸው። መልእክቱ ሲደርስ ዮዳ በሚባል ኢንዛይም የሚጀምር ሰንሰለት በውስጣቸው ይነሳና ስፒችለስን ያስወግዳል። ስፒችለስ ያጣች ሕዋስ ጉዞውን አትጀምርም። ዘግየት ብሎ፣ ሜሪስቴሞይዷ ወደ ዘብ እናትነት ስትቃረብ፣ ኢፒኤፍ1 የሚባል ተመሳሳይ ፕሮቲን ይወጣል፤ የሱ ሥራ ጎረቤት ሕዋስ ብትከፈልም እንኳ ትንሿን ልጅ ከዚህ ቀዳዳ ርቃ እንድታስቀምጥ ማድረግ ነው።

ያቺ ትልቋ እህት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እሷም በተራዋ ልትከፈልና ሌላ ሜሪስቴሞይድ ልትወልድ ትችላለች። ታዲያ ትንሿን ልጅ ወዴት ታስቀምጣለች? ባዝል የሚባል ፕሮቲን በሕዋሷ ጠርዝ ላይ በአንድ ወገን ብቻ እንደ ጨረቃ ቅርጽ ተከማችቶ ይታያል። የሕዋሷ ኒውክሊየስ ከዚያ ወገን ይሸሽና ክፍፍሉ በተቃራኒው ጫፍ ይሆናል፤ ትንሿ ልጅም እዚያ ትወለዳለች። ባዝል ያለበት ወገን ወደ ነባሩ ቀዳዳ ስለሚሆን አዲሷ ሜሪስቴሞይድ ከነባሩ ርቃ ትወድቃለች። ባዝል በትልቋ ልጅ ውስጥ ከቀረ በኋላም ዮዳንና ተከታዮቹን ወደ ራሱ ይሰበስባል፣ የስፒችለስን መጠን ዝቅ ያደርጋል። አንዱ ፕሮቲን ቦታንም ዕጣ ፈንታንም በአንድ ላይ ይወስናል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ሥርዓት ለእኔ እጅግ የሚያምረው ይህ ክፍል ነው።

ይህ ንግግር ሲቋረጥ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል ማየት ሥርዓቱን ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያስረዳል። ኢፒኤፍ1 ሲጠፋ ቀዳዳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጣብቀው ይገኛሉ። ቱ ሜኒ ማውዝስ ሲጠፋ በቅጠሉ ላይ ተከማችተው ይወጣሉ። ዮዳ ሲጠፋ ደግሞ ገጹ በሙሉ ማለት ይቻላል ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ተክሉ ያን ያህል ቀዳዳ ይዞ አይጠቀምበትም፤ ድንክዬ ሆኖ ይቀራል።

በተቃራኒው የሚገፋ መልእክትም አለ፣ የሚመጣውም ከታች ነው። ከቆዳው ሥር ያሉት፣ ምግብ የሚሠሩት አረንጓዴ ሕዋሳት ስቶማጅን የሚባል 45 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ይልካሉ። ስቶማጅን የሚይዘው ኢፒኤፍ2 የሚይዘውን ያንኑ ተቀባይ ነው፤ ቦታውን ይሻማል፣ የክልከላውን መልእክት ያዳክማል። ስለዚህ አየር የሚፈልገው የውስጡ ክፍል ቆዳው ብዙ ቀዳዳ እንዲሠራ ይጎተጉታል፣ ቆዳው ደግሞ እርስ በርሱ ይከላከላል። በመጨረሻ የሚታየው ቁጥር የሁለቱ ሚዛን ነው።

ጤፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ሸንኮራ አገዳ ግን ሌላ መንገድ ይዘዋል። የሣር ቤተሰብ ቅጠል የሚያድገው ከሥሩ በኩል ነው፤ ስለዚህ ከአንድ በማደግ ላይ ካለ ቅጠል ሥር ጀምሮ ወደ ጫፍ ሲሄዱ ሕዋሳቱ በዕድሜ ተሰልፈው ይገኛሉ። ቀዳዳዎቹ ከጅማቱ ጎን በሚሄዱ በተወሰኑ መስመሮች ብቻ ይወጣሉ። በመስመሩ ያለ ሕዋስ አንድ ጊዜ እኩል ባልሆነ መንገድ ይከፈላል፤ ትንሿ ልጅ ሁልጊዜ በጫፍ በኩል ያለችው ናት። በሁለት ትንንሾች መካከል ምንጊዜም አንድ ትልቅ ስለሚገባ መራራቁ በዚሁ ይጠበቃል፤ የጎመኑ ዓይነት ጥምዝምዝ አያስፈልግም። ትንሿ ሕዋስ ወደ ሁለት ዘብ ከመከፈሏ በፊት ግራና ቀኝ ካሉት መስመሮች አንድ አንድ ረዳት ሕዋስ ታስወልዳለች። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደታየው በብራኪፖዲየም ሣር ውስጥ ይህን የሚያደርገው ሚውት ራሱ ከሕዋስ ወደ ጎረቤት ሕዋስ እየተሻገረ ነው። ረዳቶቹ ለዘቦቹ ፖታሲየምና ውሃ ቶሎ ይሰጣሉ፣ ቶሎም ይቀበላሉ፤ የሣር ቀዳዳ ከጎመን ቀዳዳ ፈጥኖ የሚከፈተውና የሚዘጋው በዚህም ምክንያት ነው። በአዳማ ዓይነት ነፋሻማ ቀን ይህ ፍጥነት ዋጋ አለው።

አሁን ወደ አካባቢው ተጽዕኖ እንምጣ። ብርሃን ሲበዛ ቀዳዳ ይበዛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ በብዙ ተክሎች ይቀንሳል። ኢያን ውድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1987 በሙዚየም ደርቀው የተቀመጡ የዛፍ ቅጠሎችን ቆጥሮ ከዚያ በፊት በነበሩት 200 ዓመታት የቀዳዳ ብዛት ወደ 40 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ280 ወደ 340 እጅ ገደማ ከፍ ብሏል። ሙቀትም ይገባል፦ አራቢዶፕሲስ በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስታድግ ፒአይኤፍ4 የሚባል ፕሮቲን ስፒችለስን ስለሚያፍን ቀዳዳዋ ይቀንሳል። ይበልጥ የሚደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 የታየው ነው። ያረጁ ቅጠሎች ብቻ ጥላ ውስጥ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር ውስጥ ሲደረጉ፣ ከውጭ ባለው አየር የሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች የቀዳዳ ቁጥራቸውን እንደ አሮጌዎቹ ሁኔታ ቀየሩ። ጨቅላው ቅጠል እምቡጥ ውስጥ ተጠቅልሎ ሳለ ስለ ውጭው ዓለም የሚሰማው ከታላላቆቹ ነው ማለት ነው።

ድርቅን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለና እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ውሃ ተጠምቶ ያደገን ቅጠል የቆጠረ ሰው በአንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ብዙ ቀዳዳ ያገኝና ተክሉ በድርቅ ቀዳዳ ጨመረ ይላል። ብዙውን ጊዜ የሆነው ግን ሕዋሳቱ ሳይሰፉ መቅረታቸው ነው፤ ያው ቁጥር በጠበበ ቦታ ታጭቋል። ይህን ለመለየት ኤድዋርድ ሳልስበሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ያቀረበው ኢንዴክስ አለ፦ የቀዳዳዎቹ ቁጥር ለቀዳዳዎቹና ለተራ የቆዳ ሕዋሳቱ ድምር ተካፍሎ በ100 ይባዛል። በደንብ ከጠጣው ቅጠል በአንድ እይታ 20 ቀዳዳና 80 ተራ ሕዋስ ቢቆጠር ኢንዴክሱ 20 ነው። ከተጠማው 26 ቀዳዳና 104 ተራ ሕዋስ ቢቆጠር ኢንዴክሱ አሁንም 20 ነው። ጥግግቱ በ30 በመቶ ጨምሯል፣ የሕዋሳቱ ውሳኔ ግን ንቅንቅ አላለም። ተራ ሕዋሳትን መቁጠር አሰልቺ ነው፣ የጎመን ሕዋስም ጠርዙ የተወላገደ ስለሆነ ያደክማል፤ ሳይቆጠሩ ግን ስለ ድርቅ መደምደም አይገባም።

በአዳማ ዙሪያ ቲማቲም በችግኝ ለሚያፈሉ ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ይገናኛል። ችግኙ ከጥላ ሥር ሳለ የወጡት ቅጠሎች የተሠሩት ለጥላ ነው፤ ቀዳዳቸው አነስ ያለ፣ የሰም ሽፋናቸው የሳሳ ነው። ድንገት ወደ ክፍት ማሳ ሲወጡ እነዚያ ቅጠሎች እንደገና አይሠሩም። ስለዚህ ከመተከላቸው በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ጥላውን ደረጃ በደረጃ ማንሳትና ውሃውን መቀነስ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ነባሮቹ ሰማቸው እንዲወፍር፣ በእምቡጥ ያሉት ደግሞ ከመጀመሪያው ለፀሐይ ተሠርተው እንዲወጡ ያደርጋል። ጥላውን ሁሉ በመጨረሻው ቀን የሚያነሳ ሰው የመጀመሪያውን ጥቂት ያገኛል፣ ሁለተኛውን ግን ፈጽሞ አያገኝም።

ቀዳዳው ለሌላ እንግዳም መግቢያ ነው። የቦሎቄ ዋግ ፈንገስ በቅጠሉ ላይ ሲበቅል ክሩን እየዘረጋ ስቶማታ ይፈልጋል። የሚያገኘው በማሽተት ወይም በብርሃን ሳይሆን በመዳሰስ ነው፦ በዘብ ሕዋሱ ጠርዝ ላይ ያለችው ግማሽ ማይክሮሜትር ያህል ከፍታ ስትነካው እዚያው ይቆምና መግቢያውን ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ1987 ይህን ያረጋገጡት ተመራማሪዎች በፕላስቲክ ላይ ያንኑ ከፍታ ቀርጸው ፈንገሱን አታለውታል። ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ የተለፋበት ቦሎቄ አብዛኛውን ቀዳዳውን በታችኛው ገጽ ስለያዘ መድኃኒት የሚረጭ ሰው የመርጫውን ጫፍ ወደ ላይ አዙሮ የቅጠሉን ጀርባ ካላገኘ ሥራው ግማሽ ነው።

ባለፉት ዓመታት ይህ ሁሉ እውቀት ወደ ሰብል ገብቷል። ኢፒኤፍ1 በብዛት እንዲመረት የተደረገበት ገብስ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሩዝና ስንዴ በ2019 ቀርበዋል። ሦስቱም ቀዳዳቸው ቀንሶ ውሃ ቆጥበዋል። እኔ ይህን ሥራ በተስፋ ነው የምከታተለው፤ ለደረቅ ስምጥ ሸለቆ ትርጉም ያለው ሥራ ነው። በስንዴው ግን ልብ ሊባል የሚገባ ውጤት አለ፦ ቀዳዳው በመጠኑ የቀነሰው ምርቱን ጠብቋል፣ በጣም የቀነሰው ግን ምርት አጥቷል። ከዚህ በላይ ቅጠል የሚቀዘቅዘው ውሃ በማትነን ስለሆነ ቀዳዳ የተቀነሰበት ቅጠል ይሞቃል። በሞቃት አገር ይህ ጭማሪ ሙቀት አበባ በሚያብብበት ሳምንት ከመጣ ፍሬ እንዳይቋጥር ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዝርያ አዳማ ላይ ሲሞከር የሚለካው የጠጣው ውሃና የሰጠው ኩንታል ብቻ መሆን የለበትም። በአበባ ወቅት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የቅጠሉ ሙቀት ካልተነካካው ዝርያ ቅጠል ጋር ጎን ለጎን፣ ነፋስ ባለበትም በሌለበትም ቀን መወሰድ አለበት።